«መምህራን» ወይስ «መምህራኖች»? ዶክተርስ መምህር አይደለም?

ጥያቄ፦ ስለ ዩኒቨርሲቲዎች ታሪክ ባዘጋጀሁት ጽሑፍ «የጥንት ዩኒቨርሲቲዎች መምህራኖች» ብዬ ጽፌ ነበር። አርታኢው «መምህራን» ብሎ አረመው። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ «መምህር የታችኛው ትምህርት ቤት ስም ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ ምሁራን ወይም ፕሮፌሰሮች በል» አለኝ። የማንን ልከተል?

መልስ፦ የአርታኢውን ይከተሉ። ባልደረባዎ ያሉት ግን ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም ከብዙ ሰው አፍ የሚሰማ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልስበታለሁ።

«መምህር»፣ «ምሁር» እና «ትምህርት» ሦስቱም ከግእዙ መሀረ የወጡ ናቸው፤ አስተማረ ማለት ነው። «መምህር» አድራጊውን ይጠራል፦ የሚያስተምረውን። «ምሁር» ግን ተገብሮ ነው፦ የተማረ፣ ዕውቀት የገባው። በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረውን ሰው «ምሁር» ስንለው ከፍ ያደረግነው ይመስለናል፤ የተናገርንለት ግን መማሩን ብቻ ነው፣ ሥራውን አልጠራንለትም። ከፊቱ የተቀመጡት ልጆች ሁሉ ነገ ምሁራን ሊባሉ ይችላሉ። መምህር የሚሆኑት ጥቂቶቹ ናቸው።

ፊደሉንም ልብ ይበሉ። ይህ መሀረ የሚጻፈው በሃሌታው ሀ ነው። ይቅር አለ፣ ራራ የሚለው መሐረ በሐመሩ ሐ ነው። አማርኛ ሁለቱን ድምፆች ስለቀላቀላቸው «መምህር ማለት የሚምር ማለት ነው» የሚል ትርጓሜ ይሰማል። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ሥርወ ቃል ግን አይደለም። የመሀረ ዘመዶች በሌላ ወገን ናቸው። በዐረብኛ «ማሂር» የሠለጠነ ባለሙያ ነው፤ በዕብራይስጥም የዕዝራ የጸሐፊነት ችሎታ የተገለጸው በዚሁ ቃል ነው። ከሥሩ ያለው ሐሳብ ሙያ ነው።

አሁን ወደ ማዕረጉ። መምህርን ከዶክተርና ከፕሮፌሰር በታች የሚያስቀምጡ ሰዎች ቃላቱን ወደ ምንጫቸው ቢከተሏቸው ይደነግጣሉ። «ዶክተር» በላቲን ዶኬሬ፣ ማስተማር፣ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ቃል በቃል ሲመለስ «መምህር» ከመባል ሌላ ትርጉም የለውም። «ፕሮፌሰር» በአደባባይ የሚናገር፣ የሚያውጅ ነው። «ማጊስተር» ደግሞ ማጊስ፣ «ይበልጥ»፣ ከሚለው ይነሣል፦ የበለጠው፣ አለቃው። የእኛ «ሊቅ»ም ልህቀ፣ አደገ፣ ከሚለው ወጥቶ ሽማግሌና አለቃ ማለት ሆኗልና መንገዳቸው ይመሳሰላል። በመካከለኛው ዘመን ሦስቱ የላቲን ስሞች ለአንድ ዓይነት ሰው ይሰጡ ነበር። በጣሊያኗ ቦሎኛ የሕግ መምህሩ ዶክተር ሲባል፣ በፓሪስ የሥነ መለኮት መምህሩ ማጊስተር ይባል ነበር። ማዕረጉ ራሱ የማስተማር ፈቃድ ነበር።

«ዩኒቨርሲቲ»ም ቢሆን የሕንፃ ስም አልነበረም። ዩኒቨርሲታስ ማኅበር ማለት ነው፤ የፓሪሱ ሙሉ ስም «የመምህራንና የተማሪዎች ማኅበር» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1229 ከከተማው ባለሥልጣናት ጋር በተጣሉ ጊዜ መምህራኑና ተማሪዎቹ ፓሪስን ትተው ተበተኑ፤ ዩኒቨርሲቲውም አብሯቸው ሄደ። በ1231 የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ግሪጎሪ ዘጠነኛ መብታቸውን በደብዳቤ እስኪያጸኑላቸው ድረስ በከተማዋ የቀረው በአብዛኛው ባዶ አዳራሽ ነበር።

በቦሎኛ ማኅበሩ የተማሪዎቹ ነበር። የ1317ቱ ደንብ ለመምህሩ የጻፈለትን ይመልከቱ፦ ያለ ፈቃድ አንድ ቀን እንኳ አይቅር፤ ከከተማ ሲወጣ ለመመለሱ መያዣ ገንዘብ ያስይዝ፤ ደወል ሲደወል ይጀምር፣ ሲደወል ያቁም፤ አምስት አድማጭ ካላገኘ እንደቀረ ተቆጥሮ ይቀጣ። ነገር ግን የቅድስት ሮማ ግዛት ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ ከዚያ በፊት ባወጡት ድንጋጌ፣ የተከሰሰ ተማሪ «በጌታው ወይም በመምህሩ» ወይም በከተማው ጳጳስ ፊት ይዳኝ ተብሎ ነበር። መምህሩን «ጌታ» ማለት ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ «የኔታ» የምንለው «የእኔ ጌታ» አጥሮ ነው።

ባልደረባዎን በአንድ ነገር ልቀበላቸው እገደዳለሁ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይ በ1810 ከተመሠረተው የበርሊን ዩኒቨርሲቲ ወዲህ፣ በጀርመን ዶክትሬት የምርምር ማስረጃ እየሆነ ሄደ፤ ልማዱም ዓለምን አዳረሰ። ዛሬ ዶክተር ተብሎ አንድም ቀን ያላስተማረ ሞልቷል። ቃሉ ከሥሩ ርቋል፤ ማዕረጉን ለባለማዕረጉ መንፈግ አይቻልም። ሥራውን ሲጠሩ ግን «መምህር» ይበሉ።

«አስተማሪ»ስ? ንጹሕ አማርኛ ነው። ከተማረ አስተማረ፣ ከአስተማረ አስተማሪ ይወጣል፦ ሌላው እንዲማር የሚያደርግ። በሐሳብ ከመዘንነው ተማሪውን በውስጡ ስለያዘ እንዲያውም ይበልጣል፤ ማስረጃው ከእርሱ ጋር ነው። እኔ ግን «መምህር»ን እመርጣለሁ፤ አጭር ነው፣ ክብደት አለው፣ ጆሮዬም ያደገው በእርሱ ነው።

የቀረው «መምህራኖች» ነው። «መምህራን» በግእዝ ሕግ በ«ኣን» በዝቶ ያለቀ ቃል ነው፤ በላዩ «ኦች» መጨመር ሁለት ጊዜ ማብዛት ነው። «ቃላቶች»ና «መጻሕፍቶች»ም እንዲሁ። የአማርኛውን ርባታ ከወደዱ «መምህሮች» ይበሉ፤ እርሱ አያስወቅስም። ድርብ ብዜትን የሚደግፉ ወገኖች «አህጉር»ን ያነሡብኛል። እውነት ነው፤ በግእዝ «አህጉር» የ«ሀገር» ብዜት ነበር፤ ዛሬ አንድ ክፍለ ዓለም ሆኖ «አህጉራት» ተብሎ እንደገና ይበዛል፣ እኔም እንደዚያው እጽፋለሁ። ሆኖም «አህጉር» ትርጉሙን ለውጦ ነጠላ ሆነ። «መምህራን» ግን ዛሬም ለማንም አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ሰው ነው፤ «አንድ መምህራን መጣ» የሚል አልሰማሁም። እንደዚያ መባል እስኪጀምር ድረስ «መምህራኖች»ን ከጽሑፍዎ ያውጡት።