በሰው ማሳ ውስጥ ማለፍ አያስነቅፍም?

ጥያቄ፦ ልጄ ለንደን ትኖራለች፤ በግንቦት ልጠይቃት እሄዳለሁ። ከተማ ብቻ አይቼ መመለስ አልፈልግም፤ የእንግሊዝን ገጠር ማየት ያምረኛል። መኪና የላትም፤ በባቡር ሄደን በቀኑ እንመለሳለን ትላለች። በእርሻ መካከል በእግር እንሄዳለን ማለቷ ግን አልተዋጠልኝም። በሰው ማሳ ዘው ማለት አያስነቅፍም? ዕድሜዬ 63 ነው፤ እግሬ ግን ደህና ነው።
አንዲት እናት፣ ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ ልክ ናት። በዚያ አገር በሕግ የታወቁ የእግር መንገዶች አሉ፤ መሬቱ የግል ቢሆንም ሕዝብ ያልፍበታል። «ፐብሊክ ፉትፓዝ» የሚል ምልክት ካዩ ይግቡ። ከመንገዱ ወጥተው ሰብል እስካልረገጡ ድረስ ተናጋሪ የለብዎትም። የከፈቱትን የአጥር በር ግን መልሰው ይዝጉ፤ በግንቦት መስኩ ግልገል ይዞ ነው የሚቆይዎት። በግ ሰብል ሲገባ የሚመጣውን ጠብ ለመንዝ ሰው አልነግርም።

ሰው ሁሉ ቦርተን ኦን ዘ ዋተር ሂዱ ይላል። ውብ ነው፤ ግን ባቡር አይደርሰውም፣ ጎብኚም ያጨናንቀዋል። የእኔ ምርጫ ሞርተን ኢን ማርሽ ናት፤ ከለንደኑ ፓዲንግተን ጣቢያ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል። ትንሽ የገበያ ከተማ ናት፤ ገበያዋ ማክሰኞ ነው። ከዚያ መስኩን አቋርጠው ባትስፎርድ የምትባለው መንደር ድረስ በእግር ይሂዱ፤ ከሁለት ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ባቡሩ ሲቆም በሩ በራሱ ይከፈታል ብለው አይጠብቁ፤ ቁልፉ ሲበራ ይጫኑት።

አካባቢው ኮትስወልድስ ይባላል። ቤቱም አጥሩም ወደ ቢጫ ከሚያደላ የኖራ ድንጋይ የተሠራ ነው። በመካከለኛው ዘመን ያከበረው የበግ ጠጉር ነው፤ ባናና በርኖስ ለሚያውቅ ሰው ይህ ይገባዋል። የሱፍ ነጋዴዎቹ በገንዘባቸው ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት አሠሩ። የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ቀን ቀን አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ናቸው፤ ጫማ አይወለቅም። እኔ እዚያ ስኖር ደጃፉ ላይ በደረስኩ ቁጥር እጄ ወደ ጫማዬ ማሰሪያ ይሄድ ነበር።

በሥራ ቀን የማለዳው ባቡር ውድ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ተሳፈሩ። «ቱ ቱጌዘር» የሚባለው የቅናሽ ካርድ የሁለታችሁንም ዋጋ በሲሶ ይቀንሳል። ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው የሚሰጥ ሌላም አለ፤ እሱ ግን የሚቀንሰው የእርስዎን ብቻ ነው። ካርዱ በገንዘብ ስለሚገዛ፣ ለአንድ ጉዞ ብቻ ከሆነ አስልታችሁ ግዙ።

ምሳ የሚበላው በየመንደሩ ባለው መጠጥ ቤት ነው። ስሙን ሰምተው አይሽሹ፤ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ የሚገባበት ነው። ብቻ አይዘግዩ፤ በእኛ ስምንት ሰዓት ካለፈ ብዙው ቦታ ወጥ ቤቱን ይዘጋል።

ጋቢውን ለንደን ይተዉት፤ ዝናብ ጠጥቶ ይከብድዎታል። የዝናብ ልብስና ጭቃ የሚችል ጫማ ይበቃል።

እሑድን አይምረጡ። የሐዲድ ጥገና የሚበዛው ያን ቀን ነው፤ ባቡር ሲጠብቁ አውቶቡስ ይመጣልዎታል።