ቀዝቃዛ ሻወር በአሥረኛው ቀን ለምን ይቋረጣል? «ማይንድሴት» በተግባር ሲታይ

እህታችን የጠየቀችው ባጭሩ ይህ ነው፦ ቀዝቃዛ ሻወር ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስቱንም ጊዜ አሥር ቀን ሳይሞላት ትታዋለች። ሰው ሁሉ «ዋናው ማይንድሴት (የአእምሮ ዝግጅት) ነው» ይላታል፤ በተግባር ምን ማድረግ ማለት እንደሆነ የነገራት ግን የለም። ጠዋት ይሻላል ወይስ ማታ፣ ፀጉርስ መርጠብ አለበት ወይ ብላም ጠይቃለች።

እህቴ፣ «ጠንካራ ሁኚ» የሚለው ምክር ለመጀመር እንጂ ለመቀጠል አይረዳም። በእልህ የተጀመረ ነገር በየማለዳው አዲስ እልህ ይፈልጋል፤ እንቅልፍ ባጣሽበት ወይም ሐሳብ በበዛብሽ ቀን ደግሞ እልህ አይገኝም። ቀዝቃዛ ሻወርን ለወራት የሚቀጥሉ ሰዎች ከሌላው የበለጠ ደፋሮች አይደሉም። የሚለያቸው ውሃው ምን እንደሚያደርጋቸው አስቀድመው ማወቃቸው፣ ከቧንቧው ፊት ቆመው ከራሳቸው ጋር አለመከራከራቸውና አንድ ቀን ሲያመልጣቸው ነገሩን እንደ ሽንፈት አለመቁጠራቸው ነው። ሦስቱም ይለመዳሉ።

ከማወቁ እንጀምር። ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ቆዳሽ ላይ ሲያርፍ ትንፋሽሽ ሳትፈልጊ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ከዚያ ቁና ቁና ያስተነፍስሻል፣ ልብሽ ይፈጥናል፣ የደም ግፊትሽም ይጨምራል። ይህ የሰውነት አውቶማቲክ ምላሽ ነው፤ ከፍርሃትም ከድክመትም አይደለም። ቆዳ ውስጥ ያሉት ቅዝቃዜ ተቀባዮች ከሁሉ በላይ የሚጮኹት ሙቀቱ በፍጥነት ሲለወጥ ስለሆነ፣ ምላሹ በመጀመሪያዎቹ 30 ሴኮንዶች ውስጥ ጫፍ ይደርስና በ1 እና በ3 ደቂቃ መካከል ይረግባል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ጥርሱን ነክሶ ለ10 ሴኮንድ ገብቶ የሚሮጥ ሰው በየቀኑ የሚያገኘው የከፋውን ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እርጋታ አንድም ቀን ስለማያየው አእምሮው «ይህ ነገር አይለመድም» ብሎ ይመዘግባል። እንዲህ ያለው ሰው በአሥረኛው ቀን ቢያቆም አይገርምም።

መለመዱ ግን እውነት ነው። በእንግሊዝ የፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ ማይክ ቲፕተንና ባልደረቦቹ ባደረጉት ምርምር፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አምስት ስድስት ጊዜ መግባት ይህን ድንጋጤ በግልጽ ያዳክመዋል። ያ ሙከራ መላ ሰውነትን በመንከር የተደረገ ነው፤ ሻወር ሁሉንም አካል በአንዴ ስለማያገኝ ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚወስድ አስቢ። ቢሆንም አንቺ ባቆምሽባቸው ቀኖች ሰውነትሽ ዋናውን ዕዳ ከፍሎ ጨርሶ ነበር ማለት ነው። የቀረሽ ትግል ከውሃው ጋር ሳይሆን ውሃውን ከመጠበቅ ጋር ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት የቆዳ ነው፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው የአእምሮ ናቸው። አዲስነቱ አልቋል፣ ጥቅሙ ገና አልታየም፣ አልጋ ውስጥ ሆኖ ቅዝቃዜውን ማሰብ ግን እንደቀጠለ ነው።

ስለዚህ የምትሠሪው ሥራ ከሻወሩ በፊት ይጀምራል። ማታ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፊ፦ «ሳሙናውን አጥቤ ስጨርስ፣ ትንፋሼን ወደ ውጭ እያወጣሁ ቧንቧውን ወደ ቀዝቃዛ አዞራለሁ።» «ነገ ቀዝቃዛ ሻወር እወስዳለሁ» ከማለት ይህ የሚሻልበት ምክንያት አለው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር እንዳሳየው፣ «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ተብሎ በጊዜና በድርጊት የታሰረ ዕቅድ ከባዶ ፍላጎት በተሻለ ይፈጸማል፤ ምልክቱ ሲመጣ ድርጊቱ ይከተላልና ለክርክር ቦታ አይተርፍም። እዚህ ላይ ምልክቱ የሳሙናው ማለቅ ነው። ሰዓት ወይም «ወኔ ሲመጣልኝ» ምልክት አይሆኑም።

በሞቀ ውሃ ጀምሮ በቀዝቃዛ መጨረስን የምመክረውም ለዚሁ ነው። ልብስ አውልቆ፣ ደርቆ ቆሞ፣ የሚፈሰውን ቀዝቃዛ ውሃ እያዩ ማመንታት ከሁሉ የከፋው ጊዜ ነው፤ አንድ ደቂቃ ካመነታሽ አንድ ደቂቃ ሰበብ ትሰበስቢያለሽ። ከሞቀው ውሃ ስትዞሪ ግን ቀድሞውኑ እርጥብ ነሽ፣ ውስጥ ነሽ፤ የቀረው የእጅ መዞር ብቻ ነው።

አሁን መጠኑን እንይ። ለጀማሪ ጊዜውን ከማሳጠር ሙቀቱን ማለዘብ ይሻላል። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ቧንቧውን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀዝቃዛ አታዙሪ፤ ለብ ከማለት ወርዶ «በረድ አለ» የምትይበት ላይ አቁሚና ለ45 ሴኮንድ ያህል ቆዪ። ከዚያ በየ3 ቀኑ ትንሽ ትንሽ ወደ ቀዝቃዛ አውርጂው። የውሃ ቴርሞሜትር ካለሽ ከ22 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ጀምረሽ በሦስት ሳምንት ወደ 16 ወይም 15 መድረስ በቂ ነው፤ ከ15 በታች ድንጋጤው በጣም ይጠነክራል። የምትታጠቢው በባልዲ ከሆነ ነገሩ እንዲያውም ይቀላል፦ ቀዝቃዛው ባልዲ ላይ የምትጨምሪውን የሙቅ ውሃ ኩባያ ቆጥረሽ በየሁለት ቀኑ አንድ አንድ ቀንሺ።

አገባብሽ ከእግር ይጀምር፤ 5 ሴኮንድ እግርና ጭን፣ 5 ሴኮንድ ክንድ፣ ከዚያ ትከሻ፣ ደረትና ጀርባ በመጨረሻ። ደረትና ጀርባ ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ይቆረጣል፤ ያኔ ትንፋሽሽን አትያዢ። በአፍንጫ ሳቢ፣ ከንፈርሽን አጥብበሽ የሻማ ነበልባል ሳይጠፋ እንዲወዛወዝ ያህል በቀስታ እፍ እያልሽ አውጪ። የሚወጣው ከሚገባው ይርዘም፤ ስትስቢ 3 ወይም 4 ብትቆጥሪ፣ ስታወጪ 6 ቁጠሪ። መጀመሪያ አይሳካም፣ ይንተከተካል። ሦስት ረጋ ያሉ ትንፋሾች በተከታታይ ሲወጡልሽ ያን ቀን ጨርሰሻል። መውጫሽን የሚነግርሽ ሰዓት ሳይሆን ትንፋሽሽ ይሁን፤ እንዲያ ከሆነ በየቀኑ የምትወጪው ተረጋግተሽ እንጂ ሸሽተሽ አይደለም። ይህን አንድ ነገር ብቻ ከያዝሽ ሌላውን ብትረሺውም አይቆጨኝም።

ውሃው ውስጥ ለራስሽ የምትናገሪው ቃልም ይመረጥ። «ተረጋጊ፣ ተረጋጊ» ማለት ብዙም አይሠራም፤ ልብ እየፈጠነ እርጋታን ማዘዝ ከሰውነት ጋር መጣላት ነው። የሃርቫርዷ አሊሰን ውድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ከንግግርና ከዘፈን በፊት የተጨነቁ ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» ከማለት «ጓጉቻለሁ» ሲሉ የተሻለ ሠርተዋል። የፈጠነ ልብ ለጭንቀትም ለጉጉትም አንድ ነው፤ የሚለየው የምንሰጠው ስም ነው። ለቀዝቃዛ ውሃም ተመሳሳይ አካሄድ ያዢ፦ «መጣ፤ ይህ የታወቀው ድንጋጤ ነው፤ አሁን ይወርዳል።» አጭርና እውነተኛ ይሁን። «አይቀዘቅዝም» ብለሽ ራስሽን አትዋሺ፤ አእምሮሽ አንዴ ከዋሸሽው ሁለተኛ አያምንሽም።

ማርቲን ባርዉድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ ደግሞ፣ ግብ ማስቀመጥ፣ ራስን ማረጋጋት፣ ሁኔታውን አስቀድሞ በዓይነ ሕሊና መሳልና ለራስ መናገር የተማሩ ሰዎች ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትንፋሻቸውን ከበፊቱ ረዘም ላለ ጊዜ መያዝ ችለዋል። አውቶማቲክ በሚመስል ምላሽ ላይ እንኳ የአእምሮ ሥልጠና ይሠራል ማለት ነው። በዓይነ ሕሊና መሳል ሲባል ግን ራስን ደስተኛ አድርጎ ማየት እንዳይመስልሽ። ቧንቧው ሲዞር፣ ትንፋሽ ሲቆረጥ፣ ከዚያም የምታወጪው ትንፋሽ ሲረዝም በቅደም ተከተል ማየት ነው። ማታ 30 ሴኮንድ ይበቃል።

አጨራረሱ ላይ ብዙዎች ከእኔ ጋር አይስማሙም። «በቀዝቃዛ ካልተጨረሰ ዋጋ የለውም» ይላሉ፤ የእነሱ ነጥብ ሰውነት ራሱን በራሱ እንዲያሞቅ መተው ነው። ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት ሙከራ ግን ለአንቺ ችግር ይበልጥ ይቀርባል። ሰዎች እጃቸውን 14 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለ60 ሴኮንድ አደረጉ። በሌላ ዙር ያንኑ 60 ሴኮንድ ካደረጉ በኋላ ሌላ 30 ሴኮንድ ተጨመረ፤ በእነዚያ 30 ሴኮንዶች ውሃው ቀስ ብሎ ወደ 15 ዲግሪ ከፍ አለ። የትኛውን መድገም እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ። ምክንያቱም የምናስታውሰው የቆየንበትን ርዝመት ሳይሆን የከፋውን ቅጽበትና መጨረሻውን ነው። ነገ ጠዋት አልጋሽ ውስጥ የሚቀሰቀሰው ያ ትዝታ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ትንፋሽሽ ከተረጋጋ በኋላ ቧንቧውን ትንሽ ወደ ለብታ መልሺና ለ15 ወይም 20 ሴኮንድ ቆይተሽ ዝጊ። ልማዱ ከጸና በኋላ ትተዪዋለሽ።

ርዝመቱን ማሳደድም አያስፈልግም። በኔዘርላንድስ ከ3,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሙከራ፣ በሞቀ ሻወር መጨረሻ ላይ 30፣ 60 ወይም 90 ሴኮንድ ቀዝቃዛ ውሃ ለ30 ተከታታይ ቀናት ፈትኗል። ቀዝቃዛውን የወሰዱት ከሥራ በሕመም የቀሩበት ከሌሎቹ በ29 በመቶ አንሷል፤ በ30 እና በ90 ሴኮንድ መካከል ግን ልዩነት አልተገኘም። የታመሙባቸው ቀናት ቁጥርም አልቀነሰም። ይህን ሁለተኛውን የምጠቅሰው የሚጠበቀው ነገር ልኩን እንዲይዝ ነው። «ዶፓሚን በ250 በመቶ ይጨምራል» ተብሎ የሚዞረው ቁጥር የመጣው 14 ዲግሪ ውሃ ውስጥ እስከ አንገት ድረስ ለአንድ ሰዓት ከተቀመጡ ሰዎች ነው፤ የአንድ ደቂቃ ሻወር አይመለከተውም። ተአምር የጠበቀ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ ተአምሩን ሲያጣ ልማዱንም ይጥላል። በዚያው ጠዋት የሚታይ ምክንያት ምረጪ፤ መንቃት፣ ወይም ከባዱን ነገር ቀድሞ የመጨረስ እፎይታ።

የሚያመልጥሽ ቀን ይኖራል። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊ በ96 ሰዎች ላይ ያደረገችው ጥናት፣ አንድ ድርጊት ሳይታሰብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀናት እንደሚወስድ አሳይቷል፤ ከሰው ሰው ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀናት ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ሂደቱን እንዳላበላሸውም ታይቷል። የሚያበላሸው ከመዝለሉ በኋላ የሚመጣው «ያው እንደ ሁልጊዜው ተበላሸ» የሚል ሐሳብ ነው። ለዚህም ዓረፍተ ነገር አዘጋጂ፦ «አንድ ቀን ካመለጠኝ በማግስቱ እግሬንና ክንዴን ብቻ አደርጋለሁ።» እጥፍ አድርገሽ ለማካካስ አትሞክሪ፤ ቅጣት የገባበት ሻወር በማግስቱ ይጠላል። ካላንደር ላይም ተከታታይ ቀናትን ሳይሆን በወሩ ውስጥ የገባሽባቸውን ቀናት ቁጠሪ፤ ከ30 ቀን 22 ጥሩ ነው።

ሳይታሰብ የሚጥለው ሌላው ነገር የወቅት ለውጥ ነው። ቧንቧው በዚያው ቦታ ቢዞርም ውሃው በብርድ ወራት በብዙ ዲግሪ ይወርዳል። ሰውየው ግን «ደከምኩ» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ውሃው ነው የተለወጠው፤ ሙቅ ጨምሪበትና ወደ ለመድሽው መልሺው። ትኩሳት ሲይዝሽና ሕመም ሲሰማሽ ደግሞ ተዪው፤ እንደ ማምለጥ አይቆጠርም።

የልብ ሕመም፣ የልብ ምት መዛባት፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት ወይም አስም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በብርድ ጣቱ የሚነጣና የሚደነዝዝ፣ ወይም ብርድ ሲነካው ቆዳው የሚያብጥና የሚያሳክከው ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። ይህ በማይንድሴት የሚታለፍ ነገር አይደለም። ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ካዞረሽ ወዲያው ውጪ። ከመግባትሽ በፊት በፍጥነትና በጥልቀት ደጋግሞ መተንፈስንም ተዪ፤ ደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወርድ ራስን ሊያስት ይችላል፣ ያውም የሚያንሸራትት ወለል ላይ። አልኮል ከተጠጣ በኋላም አይሆንም።

ጠዋት ወይስ ማታ ላልሽው፣ ጠዋት ይቀላል፤ ሰበብ ገና አልተጠራቀመም። ማታ ብቻ ከሆነ የሚመችሽ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚያነቃ ከመኝታሽ አንድ ሁለት ሰዓት ቀደም አድርጊው። ፀጉርሽ መርጠብ የለበትም። ኮፍያ አድርጊና ከአንገት በታች ብቻ ይሁን። ፊት ላይ የሚያርፍ ቀዝቃዛ ውሃ የልብ ምትን የሚያዘገይ ሌላ ምላሽ ስለሚቀሰቅስ፣ ፊትሽን ማስነካት ከፈለግሽም ትንፋሽሽ ከተረጋጋ በኋላ በእጅሽ ዘግነሽ ይሁን።