የጠዋት ስኳር 108፣ ኤችቢኤዋንሲ 7.4፦ የቱን እንመን?

የአባትህ የጠዋት ስኳር 108፣ ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው የደም ምርመራ ውጤታቸው ደግሞ 7.4 በመቶ ሆኖ የቱን እንመን ላልከው፣ የኤችቢኤዋንሲውን ውጤት እመን። ስኳራቸው በባዶ ሆድ 108 መሆኑ የሚናገረው ስለዚያች ጠዋት ብቻ ነው፤ ማታ ቀለል ያለ እራት በልተው አድረው ሊሆን ይችላል። ኤችቢኤዋንሲ ግን በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ፕሮቲን፣ ከሄሞግሎቢን ጋር የተጣበቀውን ስኳር ይለካል። ሴሉ 120 ቀን ያህል ስለሚኖር ውጤቱ ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ያሳያል። ከ6.5 በመቶ ጀምሮ የስኳር በሽታ መስፈርት ነው፤ ምልክት ከሌላቸው ግን ሐኪሙ በድጋሚ ምርመራ ያረጋግጣል።

«ታዲያ የደም ሥራቸው እየተደፈነ ነው?» ላልከው፣ ይህን ቁጥሩ አያሳይም። የበዛ ስኳር የደም ሥርን የውስጥ ሽፋን ይጎዳል፤ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ የሚከማቸው ስብ ግን በዋናነት ኤልዲኤል ከሚባለው «መጥፎ ኮሌስትሮል» የሚመጣ ነው፣ የሚጠራቀመውም በዓመታት ነው። ስለዚህ ኤልዲኤላቸውንና የደም ግፊታቸውን አስለካ። እባክህ፣ የኤልዲኤሉ ወረቀት «ኖርማል» ስላለ ብቻ አትረጋጋ! ለጤነኛ ሰው ምንም የማይባል 125፣ ስኳር ላለበት ሰው ብዙ ነው፤ ከ100 በታች፣ አደጋው ከፍ ሲል ደግሞ ከ70 በታች እንዲሆን ይፈለጋል።

ከላብራቶሪ ሥራዬ አንድ ማሳሰቢያ፦ ደም ማነስ ካለባቸው ለሐኪሙ አስቀድመህ ንገረው። የብረት እጥረት ኤችቢኤዋንሲን ያለአግባብ ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ በቅርቡ ብዙ ደም የፈሰሰው ወይም ደም የተሰጠው ሰው ውጤት ደግሞ ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ስትሄዱ የሄሞግሎቢን ውጤታቸውንም አብረህ ያዝ።