ፒንቦል ኤክስፖ ለመጀመሪያ ጊዜ፦ ጠይቁኝ

ባለፈው «ዘንድሮም ኤክስፖ አልቀርም» ብል ጥያቄ ጎረፈብኝ። ግማሹ «ፒንቦል ደግሞ ምንድን ነው?» የሚል ነበር። በመስታወት የተሸፈነ፣ ወደ ተጫዋቹ ዘንበል ያለ ጠረጴዛ ነው። ዘንጉን ስባችሁ ስትለቁት የብረት ኳሷ ወደ ላይ ትፈናጠራለች። ከዚያ እየተጋጨች፣ መብራት እያበራች፣ ነጥብ እያስቆጠረች ትወርዳለች። ታች ሁለት መምቻዎች አሉ፤ ፍሊፐር ይባላሉ። በሳጥኑ ጎንና ጎን ባሉት ቁልፎች እያነሳችሁ ትመልሷታላችሁ። በመሃላቸው ሾልካ ከወደቀች ሄደች።

ኤክስፖው በ1985 የተጀመረ፣ በየኦክቶበሩ ቺካጎ አካባቢ የሚደረግ የዚህ ጨዋታ ወዳጆች ጉባኤ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሚካሄደው ሻምበርግ ነው። እኔ ስድስት ጊዜ ሄጃለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።

«ስንት ሳንቲም ልያዝ?»

አንድም። መግቢያውን ከከፈልክ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ማሽኖች በነጻ ነው የሚሠሩት። ቁልፉን ተጭነህ መጫወት ነው። ከማሽኖቹ ብዙዎቹን ያመጧቸው ሰብሳቢዎች ናቸው፤ ከገዛ ቤታቸው ጭነው። ይቺን ነገር ያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ። ብር የሚያስፈልግህ ለምግብ ነው። ራስህን መግታት ካቃተህ ደግሞ ለዕቃ ሻጮቹ።

«ጋሼ፣ እኔ ልጅ ሆኜ ጆተኒ እንጂ ይሄን ነክቼ አላውቅም። ሰው ፊት አላፍርም?»

ማን ሊያይህ? የሁሉም ዓይን የራሱ ኳስ ላይ ነው። ደግሞ ጆተኒ የለመደ እጅ ፈጣን ነው። ችግሩም እሱ ነው፣ ይወራጫል። ጀማሪ የሚታወቀው ሁለቱንም ፍሊፐር ባንዴ ደጋግሞ ሲያጮኽ ነው። በግራ ከመጣች ግራውን ብቻ አንሳ።

ቀጥሎ መያዝ ተማር። ፍሊፐሩን አንስተህ እንደያዝክ ቆይ፤ ኳሷ ተንከባላ ሥሩ ላይ ትተኛለች። አሁን ተንፍስ። የትኛው መብራት ብልጭ እንደሚል እይ። ከዚያ ፍሊፐሩን ለቀቅ ስታደርገው ኳሷ ወደ ጫፉ መንከባለል ትጀምራለች። ቶሎ ከመታሃት ወደዚያው ወደ ራስህ ጎን ትወጣለች፤ ጫፉ ጋ ስትደርስ ከመታሃት ወደ ማዶ ትሻገራለች። የጨዋታው ግማሽ ይሄ ነው። ሌላው ግማሽ ከታች በግራ በኩል፣ መስታወቱ ሥር ባለችው ካርድ ላይ ተጽፏል። ሰው ግን አያነባትም። እኔም ለሁለት ዓመት አላነበብኳትም።

«ማሽኑን ሲገፉት አየሁ። ማጭበርበር አይደለም?»

አይደለም፤ የጨዋታው አካል ነው። ልክ ግን አለው። ሳጥኑ ውስጥ አንድ ሾጣጣ ብረት በዘንግ ተንጠልጥሏል፤ ግንበኛ ግድግዳ የሚያስተካክልበትን ቱምቢ አስቡት። ዙሪያውን የብረት ቀለበት አለ። ማሽኑን አጥብቀህ ስትነቀንቀው ቱምቢው ተወዛውዞ ቀለበቱን ይነካል፣ ኤሌክትሪኩ ይገናኛል፣ ፍሊፐሮቹ ይሞታሉ። ቲልት የሚባለው ይሄ ነው። ከዚያ ኳስህ ስትወርድ ቆመህ መሸኘት ነው። አዲሶቹ ማሽኖች አንድ ሁለቴ ያስጠነቅቃሉ። አሮጌዎቹ ምሕረት የላቸውም። በመዳፍህ ለስለስ አድርገህ ግፋ። ማንሳት፣ በእርግጫ ማለት፣ መስታወቱን መደብደብ ነውር ነው።

«ልጄ ልውሰድሽ እያለ ይለምነኛል። ቁማር ነው ሲባል ሰምቼ ፈራሁ።»

እማማ፣ የሰሙት ከመሬት ተነስቶ የተወራ አይደለም። በ1930ዎቹ ፒንቦል ፍሊፐር አልነበረውም። ኳሷን ወደ ላይ ተኩሶ ዕድልን መጠበቅ ብቻ ነበር፤ ገንዘብ የሚከፍሉ ማሽኖችም ነበሩ። የኒውዮርኩ ከንቲባ ላጋርዲያ በ1942 ከለከሉት። ማሽኖቹን በመዶሻ አስፈልጠዋል። ቺካጎም፣ የፋብሪካዎቹ አገር ሆና፣ ለብዙ ዓመት ከልክላው ነበር።

ፍሊፐር የመጣው በ1947 ነው፣ ጎትሊብ የሚባለው የቺካጎ ኩባንያ ሃምፕቲ ዳምፕቲ በሚባለው ማሽኑ ላይ ስድስት ፍሊፐር ሲገጥም። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የእጅ ሥራ ሆነ። ክልከላው ግን አልተነሳም። በ1976 ሮጀር ሻርፕ የሚባል ወጣት ጋዜጠኛ የኒውዮርክ ባለሥልጣናት ፊት ቀርቦ ተጫወተ። የተዘጋጀው ማሽን ተነካክቶ ይሆናል ብለው ስለጠረጠሩ ተጠባባቂውን ሰጡት። መጨረሻ ላይ ዘንጉን ከመልቀቁ በፊት «ኳሷ በመሃለኛው መተላለፊያ ትገባለች» አለ። ለቀቀው፤ ገባች። ክልከላው ተነሳ። ኤክስፖው ውስጥ ማሽኖቹ የሚሰጡት ነጥብ ብቻ ነው። ከልጅዎ ጋር ይሂዱ፣ ምቹ ጫማ ያድርጉ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው።

«የማላውቀው ነውር ካለ ንገረኝ።»

በመጀመሪያው ዓመቴ ቡናዬን መስታወቱ ላይ አስቀመጥኩ። ሙሉ ቡና፣ ክዳን የሌለው። ከኋላዬ አንድ ሽበታም ሰውዬ መጡና ምንም ሳይሉ ኩባያውን አነሱ። ጨዋታዬን እስክጨርስ በእጃቸው ይዘው ቆዩ። ከዚያ መለሱልኝና «ማሽኑ የእኔ ነው» አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሳንቲም ልያዝ ላልከኝ ልጅ፣ ያዛት ያልኩህ ይቺን ነው። የምትነካው ሁሉ የሰው ንብረት ነው።

ሌላው ቀላል ነው። ከኋላህ ሰው ቆሞ ከሆነ ጨርሰህ ልቀቅ፣ ወይም አብሮህ እንዲጫወት ጋብዘው፤ ብዙዎቹ ማሽኖች ላይ እስከ አራት ሰው በተራ ይጫወታል። የተጫዋች ክርን አትንካ። ኳስ ከተቀረቀረች አትታገል፣ ባለቤቱን ወይ ቴክኒሻን ጥራ።

እኒያ ሰውዬ በኋላ ወዳጄ ሆኑ። በማግስቱ አንዱ ፍሊፐራቸው ሲደክምባቸው መስታወቱን አውጥተው የመጫወቻውን ሰሌዳ እንደ መኪና ኮፈን አነሱት። ሥሩ የሽቦ ጫካ ነው። የእጅ ባትሪ አስያዙኝ። ኳሷን እንዳትጠፋ መዳፌ ላይ አኖሯት፤ ሰማንያ ግራም ገደማ ነች። በኪስ መሐረብ ጠርገው ሲመልሷት አንድ ጥቁር መስመር መሐረቡ ላይ ቀረ። «ይሄ አቧራ ነው ሰሌዳውን የሚፍቀው» አሉኝ።

«ውድድር ልግባ?»

ግባ። ለጀማሪ የሚሆኑ አሉ። ውጤትህ የዓለም አቀፉ ፒንቦል ማኅበር መዝገብ ውስጥ ከገባ ደረጃ ይወጣልሃል፤ ስምህን ከብዙ ሺህ ሰው በታች ማየትም ያስቃል። አንድ ነገር ብቻ፦ ተራህ ሳይሆን አትጫወት። የሌላ ሰው ኳስ ከመታህ ያ ጨዋታ ለአንተ ዜሮ ነው።

«አንድ ለመግዛት አስቤ ነበር።»

ስንተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው? ከመቶ ኪሎ በላይ ነው የሚከብደው። እግሮቹ ይፈታሉ፣ የኋላ ሳጥኑ ይታጠፋል፣ ግን ደረጃ ደረጃ ነው። የሚሸጥ ማሽን ላይ ዋጋው ተለጥፎ ታያለህ። ዓርብ ማታ አትግዛ፤ ዓርብ ማታ ሁሉም ያምራል። ቅዳሜ ተመልሰህ አሥር ጊዜ ተጫወትበት። ባለቤቱ ሰሌዳውን አንስቶ ሊያሳይህ ካልፈለገ እለፈው። ደግሞ ከባለቤትህ ጋር ተነጋገር። ይሄን ከልምድ ነው የምነግርህ።

«ዳላስ ነኝ፣ ቺካጎ ሩቅ ነው።»

ታድለሻል፣ እዚያው አጠገብሽ ፍሪስኮ ላይ በማርች ቴክሳስ ፒንቦል ፌስቲቫል አለ። ቺካጎ የሚሻለው በአንድ ነገር ነው፤ ማሽኖቹን የሚሠሩት ስተርንም ጀርሲ ጃክም ፋብሪካቸው ኤልክ ግሮቭ ቪሌጅ ነው፣ ከሻምበርግ አፍንጫ ሥር። የፋብሪካ ጉብኝት ካለ አያምልጥሽ።

«ከየት ልጀምር? መቶዎች ናቸው አሉ።»

ሰው ሁሉ አዲሶቹ ላይ ይሰለፋል። አንተ ጥግ ላይ ወዳሉት አሮጌዎች ሂድ። ኮምፒውተር የሌላቸው፣ ነጥቡ በሚሽከረከር ቁጥር የሚቆጠርባቸው። ደወላቸው እውነተኛ ደወል ነው፣ ሲመታ ሆድህ ውስጥ ይሰማሃል። ከዚያ በ1992 ወደወጣው፣ አዳምስ ፋሚሊ ወደሚባለው ማሽን እለፍ። ከ20,000 በላይ ተሠርቷል፤ ስትጫወተው ለምን እንደሆነ ይገባሃል። አዲሶቹን ማታ ሰልፉ ሲሳሳ ትደርስባቸዋለህ።

«ለብቻዬ ብመጣስ?»

እኔም ለብቻዬ ነው የምመጣው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሮጌዎቹ ጋ ሐበሻ ካየህ እኔ ነኝ። ኪሴ ውስጥ ቆሎ አለ። ቡናህን ግን ውጭ ጨርሰህ ና።