የአባታችን ቤት ከተሸጠ ኦቲዝም ያለበት ወንድሜ የት ይኖራል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐረር ነው። የ28 ዓመት ታናሽ ወንድሜ ኦቲዝም አለበት። ድሬዳዋ ሳቢያን በሚገኘው ቤታችን ከ67 ዓመት እናታችን ጋር ይኖራል። ብዙ አይናገርም፤ ግን ልብሱን ያጥባል፣ ዳቦ ይገዛል፣ መልስ ቆጥሮ ይቀበላል። አባታችን ባለፈው ዓመት ያለ ኑዛዜ አረፈ። ቤቱን ወላጆቻችን በትዳር ሳሉ ነው የሠሩት። አራት ልጆች ነን። ሁለቱ ወንድሞቼ ቤቱ ተሽጦ እንድንካፈልና ታናሻችን አዲስ አበባ አንድ ማዕከል እንዲገባ ይፈልጋሉ። «እርሱ ስለማይገባው ፊርማው አያስፈልግም፤ በፍርድ ቤት እናስከለክለዋለን» ይላሉ። ይህ ይቻላል? እናታችን ስታልፍስ የት ይኖራል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ወንድምዎ በዚያ ቤት ተጠግቶ የሚኖር ሰው አይደለም፤ ባለቤት ነው። የባልና ሚስት የጋራ ንብረት ስለሆነ የቤቱ ግማሽ የእናትዎ ነው። የአባትዎ ግማሽ ደግሞ ለአራቱ ልጆች እኩል ይከፈላል። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ የቤቱ አንድ ስምንተኛ አላችሁ፤ ኦቲዝም ያለበትም እንደሌሎቹ። በፍታብሔር ሕጋችን የጋራ ባለቤቶች ሁሉ ካልተስማሙ የጋራ ንብረት አይሸጥም። «ፊርማው አያስፈልግም» የሚለው አነጋገር ውድቅ ነው።

ወደ ክልከላው ልምጣ፤ በጣም የሚያሳስበኝ እርሱ ነው። በፍርድ መከልከል፣ ማለትም ሰው በራሱ ውል እንዳይዋዋልና ሞግዚት እንዲሾምለት በፍርድ ቤት ማስወሰን፣ በሕጉ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ጥያቄውንም የቅርብ ዘመዶች ሊያቀርቡት ይችላሉ። ነገር ግን ሕጉ ለክልከላ መነሻ የሚያደርገው የምርመራ ወረቀት ላይ የሰፈረውን ስም አይደለም። የሚጠይቀው ሰውየው የሚሠራው ሥራ የሚያስከትለውን ነገር ይረዳል ወይስ አይረዳም ብሎ ነው፤ የክልከላው ዋና ዓላማም የሰውየውን ጤንነትና ጥቅም መጠበቅ ነው። ቤት ለመሸጥ እንዲመች ተብሎ የሚቀርብ ማመልከቻ ከዚህ ዓላማ ጋር ይጋጫል። ዳኞቹ ወንድምዎን ራሱን ማየት አለባቸውና በሌለበት እንዳይወሰን ይጠይቁ። ሰው ፊት ድንጋጤ የሚይዘው ከሆነ ጸጥ ባለ ክፍል፣ የሚያምነው ሰው አብሮት ሆኖ እንዲነጋገሩት አስቀድመው ያመልክቱ። ዝም ማለቱ አለመረዳት ተብሎ ሊመዘገብበት አይገባም።

ክልከላ ትንሽ ነገር የሚመስላቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። የተከለከለ ሰው የሚዋዋለው ውል ሊፈርስ ይችላል፤ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድም ትዳር አይመሠርትም። ወንድሞችዎ ደግሞ የዘነጉት አለ፦ ቢከለከል እንኳን የሚሾምለት ሞግዚት የእርሱን ድርሻ ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መሸጥ አይችልም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ሰውየው ለመወሰን የሚያስፈልገው ድጋፍ እንዲሰጠው ያዛል። በአንቀጽ 19 ደግሞ የትና ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጥ መብት አለው፤ በአንድ ዓይነት መኖሪያ ውስጥ እንዲኖር አይገደድም። የጸደቀ ስምምነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) የአገሪቱ ሕግ አካል ነው፤ በክርክር ላይ ይጥቀሱት።

ስለ አዲስ አበባው ማዕከል የማምንበትን ልናገር። እንደ ጆይና ነህምያ ያሉት የኦቲዝም ማዕከላት ትልቅ ሥራ የሠሩ ናቸው፤ የሚታወቁት ግን በዋናነት ልጆችን በማስተማር ነው። የ28 ዓመት ሰው ዕድሜ ልኩን የሚያድርበትን ቤት ከእነርሱ መጠበቅ አይቻልም። ወንድምዎ ዳቦ ቤቱን ያውቃል፣ ዳቦ ቤቱም ያውቀዋል። ቢጠፋ የባጃጅ ሾፌሩ የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራል። ይህን ሁሉ ከሳቢያን ነቅሎ አዲስ አበባ የሚተክል ማዕከል የለም፤ ለእርሱ ድጋፍ ማለት ደግሞ በአብዛኛው ይኸው ነው።

አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ማንኛውም ወራሽ ክፍፍል መጠየቅ ይችላል፤ ቤቱ በዓይነት የማይከፈል ከሆነም ክርክሩ በሐራጅ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ወንድሞችዎ ሳይከሱ እናንተ ቅደሙ። በመጀመሪያ የታናሽ ወንድማችሁ ስም የተጻፈበት የወራሽነት ማረጋገጫ ይውጣ። ቀጥሎ በሽማግሌም ቢሆን ተቀምጣችሁ እናትዎና ታናሽዎ ቤቱን ይዘው፣ ለሌሎቹ ድርሻቸው በጊዜ ብዛት በገንዘብ የሚከፈልበትን ስምምነት ሞክሩ። ይህ ካልሆነ ባለቤትነቱ እንዳለ ሆኖ ታናሽዎ በሕይወት እስካለ ድረስ በቤቱ ውስጥ የመኖር መብት እንዲኖረው ሁላችሁም ፈርሙለት። ከአንቀጽ 1353 ጀምሮ የፍታብሔር ሕጉ ይህን መብት ያውቀዋል፤ ለሌላ አይተላለፍም፣ ለወራሽም አያልፍም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫ ይመዝገብ፣ ከቤቱ የይዞታ ፋይል ጋርም ይያያዝ፤ ያልተመዘገበ መብት ገዢ ሲመጣ አያድንም።

እናትዎ በራሳቸው ግማሽ ላይ ኑዛዜ ያድርጉ። በአራት ምስክሮች ፊት የሚነበብ፣ ወይም ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ በሁለት ምስክር የሚጸና ግልጽ ኑዛዜ ይሻላል። ግማሹን በሙሉ ለእርሱ ከሰጡ ሌሎቹ ልጆች ድርሻችን ከሩብ በላይ ተጎዳ ብለው ሊከራከሩ ስለሚችሉ፣ መጠኑን ከጠበቃ ጋር ያስሉ። (የቀበሌ ቤት ውስጥ የምትኖሩ አንባቢዎች ይህ ለእናንተ አይሠራም፤ የቀበሌ ቤት በኑዛዜ አይተላለፍም።)

ለኑሮውስ? ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሠርቶ ራሱን መቻል ላልቻለ ችግረኛ ወንድሞችና እኅቶችም ቀለብ እንዲሰጡ ያስገድዳል። ቀለብ ምግብ ብቻ አይደለም፤ መኖሪያን፣ ልብስንና ሕክምናን ይጨምራል። ቤቱን መሸጥ የፈለጉት ወንድሞች ከሽያጩ ማግስት የመኖሪያ ቀለብ ሊጠየቁ ይችላሉ። ይህን በቁጣ ሳይሆን በስሌት አሳዩአቸው። ድሬዳዋ የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከተጀመረባቸው 11 ከተሞች አንዷ ናት፤ መሥራት ለማይችሉ የሚሰጥ ቀጥታ ድጋፍ በፕሮግራሙ ውስጥ ስላለ ቀበሌውን በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱም በጽሑፍ ይሁን።

እናትዎ ሲደክሙ ወንድምዎ ብቻውን እንዳያድር አንዱን ክፍል ለሚያምኑት ቤተሰብ ቢያከራዩ መልካም ነው። የኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይጠይቃል። ማታ በር መቆለፍንና መድኃኒት ማስታወስን የመሳሰሉትን ነገሮች ግን ከኪራዩ ጋር አትቀላቅሉ፤ በሌላ ወረቀት፣ ክፍያውም ለብቻው ተጽፎ ይፈረም። ተከራይ ለመምረጥ ስትነጋገሩ ወንድምዎም ይቀመጥ፤ አብሯቸው የሚኖረው እርሱ ነውና የማይፈልገውን ሰው እንዲያሳውቃችሁ ጊዜ ስጡት።