የዱዋሚሽ ሸርጣን፣ የታራንቶ ኮዜ፣ የነፍሰ ጡሯ ሽሪምፕ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሲያትል ነው የምኖረው። ከጓደኞቼ ጋር ከዱዋሚሽ ወንዝ ሸርጣን እናጠምዳለን። ወንዙ ዳር «አትብሉ» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። እኛ ግን ግማሽ ሰዓት ሙሉ አፍልተን፣ ሎሚና ሚጥሚጣ ጨምረን ነው የምንበላው። እስካሁን አንዳችንንም አሞን አያውቅም። ይህን ያህል ከተቀቀለ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ እባካችሁ አቁሙ። መቀቀል የሚገድለው ጀርምን ነው፤ ሰሌዳው የተተከለው ግን በጀርም ምክንያት አይደለም።

የታችኛው ዱዋሚሽ፣ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የወንዙ ክፍል፣ ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሱፐርፈንድ በሚባለው የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እዚያ መዝገብ ላይ የሚሰፍሩት ብክለታቸው እጅግ የከፋ ቦታዎች ናቸው። ጭቃው ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያሳስቡት ፒሲቢ፣ አርሴኒክ፣ በፋብሪካ ሥራና በቃጠሎ ሳይታሰብ የሚፈጠሩት ዳይኦክሲንና ፉራን የሚባሉት መርዞች፣ እንዲሁም ነዳጅና እንጨት ሲቃጠል የሚፈጠሩት ፒኤኤች የሚባሉት ውህዶች ናቸው። ፒሲቢ በትራንስፎርመር ዘይት፣ በሃይድሮሊክ ፈሳሽና በሕንጻ መሙያ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ያገለገለ ኬሚካል ነው። አሜሪካ ምርቱን በ1979 ብትከለክልም ቀድሞ ወንዝ የገባው እስከ ዛሬ ጭቃው ውስጥ አለ። አስተማማኝ በሆነ መንገድ የሚጠፋው ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚነድ ልዩ ማቃጠያ ውስጥ ሲገባ ነው፤ የሚፈላ ድስት ደግሞ ከ100 ዲግሪ አያልፍም። ሎሚውም ሚጥሚጣውም ለጣዕም እንጂ ለዚህ ነገር አይረዱም።

ሸርጣን ወንዙ ሥር እየሄደ ትሉንም፣ ክላም የሚባለውን ባለ ሁለት ዛጎል እንስሳም፣ የሞተውንም ይበላል። ፒሲቢ ውሃ አይወድም፣ ስብ ነው የሚወደው። ስለዚህ ሸርጣኑ የበላው ሁሉ ያጠራቀመው ፒሲቢ ተላልፎ እሱ ሰውነት ውስጥ ይከማቻል። እናንተም ስትበሉት ወደ እናንተ ስብ ይገባል፤ በቀላሉም አይወጣም። «አላመመንም» ያላችሁት እውነት ነው፣ ግን አያጽናናም። ይህ በማግስቱ የሚያስታውክ መርዝ አይደለም። ጉዳቱ በዓመታት የሚታይ ነው፦ የካንሰር ስጋትን ይጨምራል፣ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ያዳክማል፣ በእርግዝናና በጡት ወተት በኩል አልፎ የሕፃኑን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። ከመካከላችሁ ሚስቱ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ ካለች ነገሩ ከሁሉ በላይ እሷን ይመለከታል።

ከዚያ ወንዝ ሊበላ የሚችለው ሳልሞን ነው። ሳልሞን ሥጋውን የሚያበዛው ውቅያኖስ ውስጥ ስለሆነ ወንዙን መተላለፊያ ብቻ ያደርገዋል። ዓመቱን ሙሉ እዚያው የሚኖሩት ሸርጣን፣ ክላምና ከጭቃው የማይርቁ ዓሣዎች ግን አይበሉም።

ሸርጣን ካማራችሁ ከከተማና ከፋብሪካ የራቀ የባሕር ዳርቻ ሂዱ። ክላምና ኦይስተር የምትለቅሙ ከሆነ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት፣ በዚያው ዕለት፣ የዋሽንግተን ግዛት ጤና መምሪያ የሚያወጣውን የባለ ዛጎል እንስሳት ደኅንነት ካርታ እዩ። የትኛው ዳርቻ ክፍት፣ የትኛው ዝግ እንደሆነ ይነግራችኋል።

ጥሩ ቦታ የተጠመደ ሸርጣን እንኳ አሠራር ይፈልጋል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ሙሉውን ቀቅሎ በኋላ በማጽዳቱ ነው። ጀርባውን ስትከፍቱ የምታገኙት ቢጫ ወይም አረንጓዴ ልስልስ ነገር ለሸርጣኑ የጉበትንም የቆሽትንም ሥራ የሚሠራ አካል ነው። ፒሲቢ፣ ዳይኦክሲንና ካድሚየም የሚባለው መርዛማ ማዕድን ከነጩ ሥጋ ይልቅ እዚያ ይከማቻሉ። ሲያትል አካባቢ «የሸርጣን ቅቤ»፣ ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ «መስታርድ» እያሉ በዳቦ የሚበሉት ይኸው ነው። ሙሉው ሲቀቀል ስቡ ይቀልጥና ከመረቁ ጋር ይቀላቀላል፣ ሥጋውንም ያገኘዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሸርጣኑን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በረዶ ውስጥ አቆዩት፤ ይደነዝዛል። እግሮቹን ጠበቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ የጀርባውን ዛጎል ከኋላ በኩል ወደ ላይ ገንጥሉት። ልስልሱን በማንኪያ ጠርጋችሁ አውጡ፤ በግራና በቀኝ እንደ ጣት የተደረደሩትን ግራጫ ስንጥቦችም ንቀሉ። በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፣ ለሁለት ስበሩት፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ያህል በእንፋሎት ወይም በፈላ ውሃ አብስሉት። ውሃው ይደፋ። ለሾርባም ለወጥም አይሁን። ኒው ጀርሲ፣ ኒውዋርክ ቤይ አካባቢ ላላችሁ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም፤ እዚያ በዳይኦክሲን የተነሳ ሸርጣን ማጥመድም መብላትም ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ባሪ፣ ጣሊያን ነኝ። መንገድ ዳር ኮዜ (በእንግሊዝኛ ሙስል የሚባለው ባለ ጥቁር ዛጎል የባሕር እንስሳ) በርካሽ ይሸጣል። ሻጩ «የታራንቶ ነው፣ ሁለት ቀን በንጹሕ ውሃ ተጣርቷል» ይላል። መለያ ግን የለውም። ባለቤቴ በሳምንት ሁለቴ ይበላል።

መልስ፦ መለያ ከሌለው አይግዙ፤ በተለይ የታራንቶ ነው ከተባለ። ታራንቶ በምትባለው የጣሊያን የወደብ ከተማ ማር ፒኮሎ የሚባለው ባሕር በሁለት የተከፈለ ነው። በ2011 የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ያደገው ኮዜ ከሕግ ጣሪያ ያለፈ ዳይኦክሲንና ፒሲቢ ተገኝቶበት ምርቱ ታገደ። ሌላው የታራንቶ ኮዜ ሕጋዊ ነው፤ ጥሩም ነው። ቁጥጥሩን ጠብቀው የሚሠሩት አርቢዎች በመንገድ ዳር ሻጭ የተነሳ ስማቸው መጥፋቱ ያሳዝናል። መለያ የሌለው መረብ ግን ከየትኛው ውሃ እንደወጣ ማንም ሊነግርዎ አይችልም።

«ተጣርቷል» የሚለውም ለሌላ ነገር ነው። በአልትራቫዮሌት በጸዳ የባሕር ውሃ ሁለት ቀን ገደማ ሲቆይ ኮዜው አንጀቱ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ይተፋል። ካድሚየምና እርሳስ ግን ከሥጋው ጋር የተያያዙ፣ ፒሲቢም ስቡ ውስጥ የገባ ስለሆነ በሁለት ቀን አይወጡም።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በኮዜ ሥጋ ውስጥ የሚፈቅደው ካድሚየም በኪሎ እስከ 1 ሚሊግራም፣ እርሳስ እስከ 1.5 ሚሊግራም ነው። የኅብረቱ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ደግሞ አንድ ሰው በሳምንት ከምግብ ሁሉ የሚያገኘው ካድሚየም በኪሎ ክብደቱ ከ2.5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 150 ማይክሮግራም ማለት ነው። ጣሪያው ላይ የደረሰ ኮዜ 150 ግራም ሥጋው ብቻ ይህንኑ ይሞላል። 150 ግራም ሥጋ የሚወጣው ከነዛጎሉ ከግማሽ ኪሎ በትንሽ ከሚበልጥ ኮዜ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ መቀመጫ ይጨርሰዋል። በሕጋዊ ገበያ ያለው አብዛኛው ኮዜ ከጣሪያው በብዙ ያነሰ ስለሆነ በሳምንት ሁለቴ መብላት አያስደነግጥም። ባለቤትዎ ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ግን ከትምባሆውም ካድሚየም ያገኛሉ፤ ሰውነቱ ውስጥ የብረት ማዕድን ያነሰው ሰው አንጀትም ካድሚየምን አብልጦ ይስባል። አንዴ ኩላሊት የገባ ካድሚየም ከአሥር ዓመት በላይ ይቆያል።

ሲገዙ መረቡ ላይ ያለውን መለያ ያንብቡ፦ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ የተጻፈ የአገርና የጣቢያ ቁጥር፣ የእንስሳው ዓይነት፣ የታሸገበት ቀን። ቸርቻሪው መረቡን ፈትቶ በኪሎ ቢሸጥ እንኳ መለያውን ቢያንስ 60 ቀን ማስቀመጥ በሕግ ግዴታው ነው። «አሳየኝ» ይበሉት።

ጥያቄ፦ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ሐኪሜ የባሕር ምግብ ብዪ ትለኛለች፤ እናቴ ደግሞ ሜርኩሪ አለው ብላ ሽሪምፕ ከለከለችኝ።

መልስ፦ እናትዎ ስለ ሜርኩሪ መጠንቀቃቸው ልክ ነው፤ ሽሪምፕ ግን አይመለከተውም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በለካው መሠረት ሽሪምፕ ውስጥ ያለው ሜርኩሪ በአማካይ በኪሎ 0.009 ሚሊግራም ነው፤ ሰይፍ ዓሣ ውስጥ ያለው ወደ 1 ሚሊግራም ይጠጋል፣ መቶ እጥፍ ማለት ነው። ሜርኩሪ ትንሹን ትልቁ፣ ትልቁንም የባሰው በበላው ቁጥር ይጨምራል፤ ሽሪምፕ ደግሞ ከታች ነው ያለው። በሳምንት ከ227 እስከ 340 ግራም ሽሪምፕ፣ ሳልሞን፣ ቲላፒያ እያቀያየሩ ይብሉ። ሰይፍ ዓሣ፣ ሻርክ፣ ኪንግ ማከረልና ቢግአይ ቱና ይቅሩ። ኦይስተር በጥሬው አይብሉ፤ ምክንያቱ ባክቴሪያና ቫይረስ ነው። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ሸርጣን ከቀረበልዎ ነጩን ሥጋ ብቻ ይብሉ።

ጥያቄ፦ ድስቱ ውስጥ የብር ሳንቲም ወይም ነጭ ሽንኩርት ጨምሮ ከጠቆረ መርዝ አለው ማለት ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ብር የሚያጠቁረው ድኝ ነው፤ ድኝ በጤነኛ ኮዜም በእንቁላልም አለ። ፒሲቢ፣ ካድሚየምና ሜርኩሪ ሳንቲሙንም ሽንኩርቱንም አያጠቁሩም፤ ሽታም ጣዕምም የላቸውም። «ቀይ ማዕበል» የሚባለውን የባሕር ውሃ መቅላት ከሚያመጡት ጥቃቅን አልጌዎች የሚገኘው ሳክሲቶክሲንም እንዲሁ ነው። እሱ የተፈጥሮ መርዝ ቢሆንም በመቀቀልም በማቀዝቀዝም አይጠፋም። ክላም ወይም ኮዜ ከበላችሁ በኋላ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ከንፈርና ምላስ ከደነዘዘ፣ ጣት ላይ እንደ መርፌ ከወጋ፣ ሳትዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ መተንፈሻ ጡንቻን ሊያሽመደምድ ይችላል። የተረፈውን ከነዛጎሉ በላስቲክ ቋጥራችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለምርመራ ይጠቅማል።