ከቀንዱ በታች ያሉት ዓይኖች

ለወጣት ተዋንያን ልጆቼ፣

በቀደም አንድ ተማሪዬ ቤት ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ የክፉ ሰው ገጸ ባሕርይ ተሰጠኝ። እንዴት ልጫወተው?» አለኝ። ድምፁን አጎርንኖ፣ ዓይኑን አፍጥጦ አሳየኝ። እኔም በእሱ ዕድሜ እንዲሁ ነበርኩ። ያሠለጠነኝ አዘጋጅ «ጩህ! አስፈራ!» ይለኝ ነበር፤ ዓመታት ሙሉ ጮህኩ። ዓይኔን የገለጠልኝ አንድ የጃፓን ጭምብል ነው። ለልጁ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፍላችሁ።

ጃፓኖች ኖህ የሚባል ቲያትር አላቸው። ካንአሚና ልጁ ዜአሚ መልክ ካስያዙት ከ600 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከጭምብሎቹ አንዷ ሃንያ ትባላለች። ሁለት ቀንድ አላት። አፏ እስከ ጆሮዋ ተቀዷል። ዓይኖቿና ክራንቻዎቿ ወርቃማ ናቸው። ፎቶዋን ያየ ሁሉ «ሰይጣን!» ይላል። ሃንያ ግን ሴት ናት። ቅናትና መገፋት ቀንድ ያበቀለባት ሴት።

ምስሏን ስታገኙ አፏን በእጃችሁ ሸፍኑት። ግንባሯንና ዓይኖቿን ብቻ እዩ። ታለቅሳለች። እጃችሁን ስታነሡ ቁጣው ይመለሳል። ቀራጩ ሁለቱን በአንድ እንጨት ላይ አኑሯቸዋል። እንጨቱ ሂኖኪ ይባላል፤ የእኛ ጥድ ዘመድ ነው። ላዩ ከዛጎል ዱቄት በተሠራ ነጭ ቀለም ይለበጣል። አንድም ጡንቻ የለውም፤ ግን ተዋናዩ አንገቱን ትንሽ ሲያዘነብል ጥላው ፊቱ ላይ ይወርድና ሐዘን ይሆናል። ጃፓኖቹ ይህን «ማዳመን» ይሉታል፤ ቀና ማድረጉን ደግሞ «ማብራት»። ቶኪዮ ውስጥ ይህን ሳይ፣ ያን ሁሉ ዘመን ስጮህ ምን እንዳመለጠኝ ገባኝ።

ሃንያ ከምትታይባቸው ተውኔቶች አንዱ «አኦይ ኖ ኡኤ» ነው። ታሪኩ የመጣው 1000 ዓመት ገደማ ካስቆጠረው «የገንጂ ታሪክ» ከተባለው የጃፓን ልብ ወለድ ነው። ሮኩጆ የምትባል እመቤት የልዑል ገንጂ ውሽማ ነበረች። አንድ ቀን ለበዓል ወጥታ ሳለ የሚስቱ የአኦይ አጃቢዎች ሠረገላዋን ገፍተው ወደ ኋላ ጣሉት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት። ውርደቱ ከልቧ አልወጣም። በሕይወት እያለች መንፈሷ ከሥጋዋ ተለይቶ አኦይን በበሽታ ያሠቃይ ጀመር።

አኦይን መድረክ ላይ የሚጫወት ሰው የለም። ኪሞኖ የሚባል አንድ የታጠፈ የጃፓን ልብስ መሬት ላይ ይነጠፋል፤ በሽተኛዋ እሱ ነው። ሮኩጆ በመጀመሪያ የምትገባው በሴት ጭምብል ነው። ፊቷ የሰው ፊት ነው፤ ዓይኗ ውስጥ ብቻ ወርቅ ጠብ ብሏል። ቀንዱ የሚመጣው በኋላ ነው። በመጨረሻ አንድ መናኝ መቁጠሪያውን እያሻሸ ይጸልይባታል። አትገደልም። ልቧ ረግቶ ትሄዳለች። እኔ ይህን ፍጻሜ እጅግ እወደዋለሁ።

ከቲያትር ውጭም አስፈሪ ፊት ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። በጃፓን አኪታ ክፍለ ሀገር፣ ኦጋ በሚባለው አካባቢ፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ጎልማሶች ናማሃጌ ሆነው ይመጣሉ። የጋኔን ጭምብል አጥልቀው፣ የገለባ ካባ ለብሰው «የሚያለቅስ ልጅ አለ ወይ?» እያሉ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ልጆቹ እናታቸው ጉያ ይወሸቃሉ። አባወራው ግን ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ ቀድቶ ያስተናግዳቸዋል፤ ለቤቱ በረከት ይዘው የመጡ እንግዶች ናቸውና።

ልጆቼ፣ የኖህ ተዋናይ መድረክ ከመውጣቱ በፊት መስታወት ያለበት ክፍል ገብቶ ይቀመጣል። ጭምብሉን በሁለት እጁ ይዞ እጅ ይነሣዋል። ከዚያ ያጠልቀዋል። የሃንያም ጭምብል እንደዚያው ክብር ይሰጣታል። እናንተም የተሰጣችሁን ክፉ ሰው ሳትንቁ ያዙት።

ተማሪዬን «ጩኸቱን ተወው» አልኩት። «ሰውየው ከመክፋቱ በፊት ሠረገላውን ማን እንደገፋበት ጽፈህ እሁድ አምጣልኝ።» እየጠበቅኩት ነው።